መቅኔ ብቻ አይደለም የሚሰጠው፦ ለወንድሜ ለጋሽ ሆኜ ያየሁት

ሰሞኑን ከሸዋ ሮቢት አንድ አባት ደወሉልኝ። ስልኬን የሰጣቸው አብሮኝ የሚያስተምር ሰው ነው። የ11 ዓመት ልጃቸው የአጥንት መቅኔ ንቅለ ተከላ ያስፈልጋታል ተብሏል፤ ለጋሹ እሳቸው ሊሆኑ ነው። «እኔ መርፌውን አልፈራም። የኔው ደም ገብቶ ልጄን ይጎዳታል የሚሉት ነገር ነው ያስፈራኝ። እንዲህ ያለ ነገር አለ ወይ?» አሉኝ። አለ። አንድ ሰዓት አወራን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ግማሹን እንዳልነገርኳቸው ታወቀኝና ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

ሐኪም አይደለሁም። ደብረ ብርሃን ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ነጭ የደም ሴል ስስል ኖሬ፣ ከነጭ የደም ሴል አንዱ የሆነው ቲ ሴል ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ የራሴው ቲ ሴል የወንድሜን መዳፍ ሲልጠው ነው።

ታናሼ ያኔ 23 ዓመቱ ነበር፤ መሐል ሜዳ ከእናታችን ጋር ይኖራል። መስከረም 2011 ላይ ድካም ጀመረው። ድዱ ይደማል፣ ማታ ማታ ያተኩሰዋል። እንደ አገራችን ደንብ ታይፎይድ ተባለ። መድኃኒቱን ጨረሰ፣ አልተሻለውም፣ እንደገና ታይፎይድ ተባለ። እማዬ ጻድቃኔ ማርያም ወስዳ ሁለት ሳምንት አስጠመቀችው። በመጨረሻ እኔ ጋ መጥቶ ሙሉ የደም ምርመራ ሳስደርግለት ነጭ የደም ሴሉ ከ80 ሺህ በላይ ሆኖ ተገኘ፤ የጤነኛ ሰው ከ4 ሺህ እስከ 11 ሺህ ነው። የላብራቶሪው ልጅ ወረቀቱን ሲያቀብለኝ ዓይኔን ማየት አልፈለገም። ጥቁር አንበሳ ሄደን ከመቅኔው ተቀድቶ ሲመረመር ስሙ ታወቀ፦ አጣዳፊ ማይሎይድ ሉኪሚያ። ድዱ እየደማ ትኩሳቱ አልበርድ ያለ ሰው ቤታችሁ ካለ ለሁለተኛ ጊዜ የታይፎይድ መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት ያንን ምርመራ አስደርጉለት። እኛ ስድስት ሳምንት ያባከንነው እዚያ ላይ ነው።

አንዱን መድኃኒት ለሰባት ቀን፣ ሌላውን ለሦስት ቀን የሚሰጡት ኬሞ አለ፤ እሱን ወስዶ ካንሰሩ ከማይክሮስኮፕ ሥር ጠፋ። ግን የእሱ ዓይነት ተመልሶ የመምጣት ጠባይ ያለው ስለሆነ ንቅለ ተከላ ይደረግለት ተባልን፤ ወደ ህንድ። ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም። ቤት ተሸጠ፣ እድሩ አዋጣ፣ መምህራኑ ከደመወዛቸው አስቆረጡ፣ የመንዝ ልጅ ከያለበት ላከ። ከገንዘቡ ይልቅ ጊዜ የበላን ወረቀቱ ነው። የሕክምና ቦርድ ደብዳቤውንና የውጭ ምንዛሪውን ጉዳይ ገንዘብ ከማሰባሰቡ ጎን ለጎን ጀምሩት። አንድ ቢሮ ፋይላችሁ ጠፋ ብሎ ሦስት ሳምንት አመላልሶን፣ ፋይሉ የተገኘው ከዚያው ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ነው። ከሁሉም ወረቀት ሁለት ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ዙሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

ንቅለ ተከላ ሲባል ለሰው የሚታየው ቀዶ ጥገና ነው። ቢላ የለበትም። መጀመሪያ የታማሚው መቅኔ በከባድ ኬሞ ባዶ ይደረጋል። ከዚያ የለጋሹ ስቴም ሴል (ደም የሚያመነጨው እናት ሴል) እንደ ግሉኮስ በደም ሥር ይንጠባጠባል፤ ወደ አጥንት የሚወስደውን መንገድ ራሱ ያገኘዋል። ነገር ግን ስቴም ሴሉ ብቻውን አይገባም፤ የለጋሹ ቲ ሴሎች አብረውት ይገባሉ። የቲ ሴል ሥራ ደግሞ አንድ ነው፤ ባዕድ የሆነውን ለይቶ መግደል። በአዲሱ ቤት ውስጥ ሁሉ ነገር ለእሱ ባዕድ ነው። ከኬሞ የተረፈ የካንሰር ሴል ካለ አድኖ ይገድላል፤ ንቅለ ተከላው ካንሰር የሚያድንበት ግማሹ ምስጢር ይኸው ነው። በዚያው እጁ ግን ቆዳውን፣ አንጀቱን፣ ጉበቱን ይመታል። ሐኪሞቹ ይህንን ጂ.ቪ.ኤች.ዲ. ይሉታል፤ እንግዳው ባለቤቱን ሲወጋ ማለት ነው። እንግዲያውስ ቲ ሴሉን አጥርቶ አውጥቶ ስቴም ሴሉን ብቻ መስጠት አይሻልም? ተሞክሯል። ውጊያው ይቀንሳል፤ ግን ቫይረሱም ካንሰሩም ተከላካይ በሌለበት ይገባሉ።

ይህን ሁሉ የደልሂዋ ዶክተራችን በእንግሊዝኛ ሲናገሩ እኔ ለእማዬ እተረጉማለሁ። እማዬ ጋቢዋን ተከናንባ (ደልሂ ውጪው እሳት ነው፣ ሆስፒታሉ ውስጥ ግን በማቀዝቀዣው ምክንያት የመንዝ ሰኔ ነበር) ስታዳምጥ ቆየችና «ይኸ እኮ የበረት ውሻ ነው» አለች። «ጅቡን ያስቀርልሃል። አንዳንዱ ግን ግልገሉንም ይነክሳል። ብታባርረው ጅቡ ይገባል። ታዲያ ሰንሰለት የላቸውም?»

ለዶክተሯ ስተረጉምላቸው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ተዉና «ሰንሰለት የሚሠሩ ሰዎች አሉ» አሉ። ያን ቀን ከዚህ በላይ አልተናገሩም።

ለጋሽ የሆንኩት እኔ ነኝ። ወንድምና እህት የሴል መለያቸው ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው፤ ግማሽ የመግጠም ዕድሉ ከሁለት አንድ። አራታችን ተመርምረን አንዳችንም ሙሉ አልገጠምንም። አስልቼዋለሁ፤ አራት ወንድምና እህት እያለው ማንም የማይገጥመው ሰው ከሦስት አንድ ገደማ ነው። ዕጣው እኛ ላይ ወጣ። እማዬ «እኔ ነኝ የወለድኩት፣ የኔ ነው የሚሰጠው» ብላ አስቸግራን ነበር። ወላጅ ምንጊዜም ቢያንስ ግማሽ ይገጥማል፣ እውነቷን ነው። ግን በእርግዝና ጊዜ ከጽንስ ጋር የተዋወቀ ቲ ሴል ቂም ይይዛል፤ ወልዳ የምታውቅ ሴት ለወንድ ልጅ ስትሰጥ ጂ.ቪ.ኤች.ዲ. የመነሣት ዕድሉ ከፍ ይላል። ወጣት ወንድ ካለ እሱ ይመረጣል፤ ሌላ ከጠፋ ግን እናትም ትሰጣለች። ሌላ መጠየቅ ያለባችሁ ነገር ታማሚው በለጋሹ ላይ አስቀድሞ የተሠራ ፀረ እንግዳ አካል እንዳለውና እንደሌለው ነው። ካለው ስቴም ሴሉ ሳይተክል ሊገፋው ይችላል። ብዙ ደም የወሰደ ታማሚ ይህ ያጋጥመዋል።

ለአምስት ቀን ሆዴ ላይ መርፌ ተወጋሁ፤ ስቴም ሴል ከመቅኔ ወጥቶ ወደ ደም እንዲፈስ የሚያደርግ ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ ወገቤን፣ ጭኔን፣ ደረቴን አጥንት አጥንቱን ቆረጠመኝ። ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት የተመለሰ ሰው ያውቀዋል። ፓራሲታሞል ያስታግሰዋል፣ መርፌው ሲቆም ይለቃል። በአምስተኛው ቀን ማሽን ላይ ተኛሁ። ደሙ ከአንዱ ክንዴ ወጥቶ፣ ማሽኑ ውስጥ ተሽከርክሮ፣ የሚፈለገው ተለይቶ፣ የቀረው በሌላው ክንዴ ይመለሳል። አራት ሰዓት ተኩል ፈጀ። መሀል ላይ ከንፈሬ እንደ ጉንዳን ይነዝረኝ ጀመር። ደሙ እንዳይረጋ የሚጨመረው ነገር ካልሲየም ስለሚያወርድ ነው፤ ወዲያው ተናገሩ፣ ካልሲየም ይሰጧችኋል። ሽንት ቤት ሄዳችሁ ተኙ። ሁለት እጃችሁ ተይዞ አራት ሰዓት ቀልድ አይደለም።

ወንድሜ ቀን ዜሮ በሚባለው የንቅለ ተከላው ቀን የእኔን ወሰደ። ሦስተኛውና አራተኛው ቀን ላይ ሳይክሎፎስፋማይድ የሚባል የቆየ የካንሰር መድኃኒት ሰጡት። ገና አሁን የተከሉትን ለምን ይመርዙታል ብዬ ደንግጬ ነበር። ነገሩ ግን ረቂቅ ነው። ወንድሜን እንደ ባዕድ ያዩት ቲ ሴሎቼ በነዚያ ሦስት ቀናት ተቆጥተው በፍጥነት ይባዛሉ። መድኃኒቱ የሚገድለው በመባዛት ላይ ያለውን ነው። ዝም ያሉት ቲ ሴሎች ይተርፋሉ፤ ስቴም ሴሉ ደግሞ መድኃኒቱን የሚያፈርስ ኢንዛይም በብዛት አለው። በአሜሪካ ባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ያሉ ሐኪሞች ያዳበሩት ዘዴ ነው፤ ግማሽ የሚገጥም ለጋሽ ያለውን ሰው ሁሉ በር ከፍቶለታል። ልዩ ላብራቶሪ አይጠይቅም። ለእማዬ «የጮኸውን ውሻ ለይቶ የሚመታ ነው» አልኳት፤ ራሷን ነቀነቀች።

በ17ኛው ቀን አዲሱ መቅኔ ደም ማምረት ጀመረ። በ31ኛው ቀን መዳፉና ጆሮው ቀላ። በ34ኛው መዳፉ እንደ ተቀቀለ ድንች ይላጥ ጀመር፤ ተቅማጡ መጣ። ነርሷ በመለኪያ ትለካዋለች፤ አንድ ቀን 1,200 ሚሊ ሊትር ጻፈች። ይኸ ሁሉ እኔ ነኝ። ኮሪደር ላይ ቆሜ ስተክዝ ወንድሜ በመስታወቱ አሳልፎ በስልክ «ጋሼ፣ ልጅ ሆነን የገረፍከኝ አንሶህ ነው?» አለኝ። ያን ጊዜ ነው የሳቅሁትም ያለቀስኩትም።

ተከላካይ ሴሎችን በሚያረጋጋው ስቴሮይድ በረደ፤ ሦስት ሳምንት ወሰደ። ፊቱ አበጠ፣ ስኳሩ ወጣ፣ እንቅልፍ እምቢ አለው። እኛ እድለኞች ነን፤ ስቴሮይድ የማይመልሰው ሰው ብዙ ነው። ከዚህ የምለው አንድ ነው፤ ትንሿን ምልክት አትደብቁ። ወንድሜ የጆሮውን መቅላት ሦስት ቀን ሸሽጎ ነበር፤ ወደ አገር የምንመለስበት ቀን እንዳይራዘም ብሎ።

ጥቅምት 2012 ደብረ ብርሃን ገባን። ታኅሣሥ ላይ ለክትትል ስንመለስ ደሙ ውስጥ የእኔ ድርሻ ስንት እንደሆነ ለኩ። ይህ ምርመራ ከሁሉም ይበልጣል። ነሐሴ ላይ 100 በመቶ የእኔ ነበር፤ አሁን 88 ሆነ። ካንሰሩ ገና በዓይን አልታየም፣ ግን አሮጌው ደም ተመልሶ እየመጣ ነው። ዶክተሯ ያቀረቡት መፍትሔ የእኔን ቲ ሴል መጨመር ነው፤ ዲ.ኤል.አይ. ይሉታል። በመጀመሪያው ጊዜ የቀነሱትን ውሻ አሁን ራሳቸው ሊጨምሩት ነው።

የሰንሰለቱ ነገር የተመለሰው እዚህ ላይ ነው። ሳይክሎፎስፋማይዱ የሚሠራው በነዚያ የመጀመሪያ ቀናት ነው፤ ከወራት በኋላ የሚጨመር ቲ ሴልን የሚይዝ አይደለም። «ታዲያ ያ ያሉት ሰንሰለት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ዶክተሯ የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ገልብጠው ሳሉልኝ።

ካስፔስ 9 የሚባል ፕሮቲን በእያንዳንዱ ሴላችን ውስጥ አለ። ሴል ሲበላሽ ራሱን በራሱ የሚያጠፋበት መሣሪያ ነው። አፖፕቶሲስ ብዬ በየዓመቱ አስተምረዋለሁ። በአሜሪካ ሂውስተን ቤይለር የሕክምና ኮሌጅ ያሉ ሰዎች ይህን ፕሮቲን አሻሻሉት። ነጠላ ነጠላውን ሲቀመጥ ዝም ይላል፤ አንድ የተለየ መድኃኒት ሲገባ ግን ፕሮቲኖቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ያያይዛቸዋል፣ ሴሉ ይሞታል። መድኃኒቱ ለሌላው የሰውነት ሴል ምንም አይደለም። የዚህን ፕሮቲን ጂን አቅሙ በተነጠቀ ቫይረስ አስጭነው ወደ ለጋሹ ቲ ሴል ያስገቡታል። ከጂኑ ጋር አንድ ምልክት አብሮ ስለሚገባ፣ ጂኑን የያዘውን ሴል በማግኔት ለይተው ያልያዘውን ያስቀሩታል። ሰንሰለት የሌለው ውሻ ግቢ አይገባም ማለት ነው። ከዚያ ለታማሚው ይሰጣል። ሰላም ከሆነ ሴሉ ይኖራል፣ ቫይረሱንና ካንሰሩን ይጠብቃል። ጂ.ቪ.ኤች.ዲ. ከተነሣ መድኃኒቱ በደም ሥር ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት ከ3 እስከ 17 ዓመት ለሆኑ 5 የሉኪሚያ ታማሚዎች ይህን ሴል ሰጥተው፣ በ4ቱ ጂ.ቪ.ኤች.ዲ. ተነሣ። አንድ ጊዜ ብቻ መድኃኒቱን ሰጧቸው። በ30 ደቂቃ ውስጥ ከተሻሻሉት ሴሎች ከ90 በመቶ በላይ ሞቱ፣ በሽታውም ከዚያ በኋላ ቆመ፣ ተመልሶም አልመጣም። 30 ደቂቃ! ቡና ተቆልቶ አቦል ሳይቀዳ። ወንድሜ ሦስት ሳምንት የተሠቃየበትን አስቡት። እኔን ከሁሉ የገረመኝ የቀሩት 10 በመቶዎቹ ናቸው። የተቆጣ ሴል ጂኑን አብዝቶ ስለሚያወጣ ቀድሞ የሚሞተው እሱ ነው፤ የሚተርፈው ረጋ ያለው ነው። ስለዚህ ታማሚው ያለ ዘበኛ አይቀርም።

ከዚህ በፊትም ሌላ ሰንሰለት ነበር። ጣሊያን ሚላን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1997 የሄርፐስ ቫይረስን ጂን ለጋሽ ቲ ሴል ውስጥ አስገብተው ሴሉን ጋንሳይክሎቪር በሚባል መድኃኒት የሚገድሉበት ዘዴ ይፋ ሆነ። ሐሳቡ ያው ነው፤ ሁለት እክል ግን ነበረበት። ጂኑ የቫይረስ ስለሆነ ሰውነት ያውቀውና ሴሉን ሊገፋው ይችላል። ሌላው፣ ጋንሳይክሎቪር ሲ.ኤም.ቪ. ለሚባለው ቫይረስ የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ ሲ.ኤም.ቪ. ደግሞ ንቅለ ተከላ ያደረገን ሰው ደጅ ሳያንኳኳ የማይቀር ነው። ቫይረሱን ለማከም ስትሰጠው ሳትፈልግ ዘበኛህን ትገድላለህ። ይህ ሕክምና በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2016 በቅድመ ሁኔታ ተፈቅዶ ነበር። በ2019 ጥቅምት ላይ ፈቃዱ ተነሣ፤ ጠያቂው ራሱ ኩባንያው ነው። ተከታዩ ጥናት ታማሚዎቹ ከበሽታ ነጻ ሆነው የሚቆዩበትን ጊዜ ስላላሻሻለ ነው። ዶክተሯ ይህን ሲነግሩኝ ገና ሦስት ወሩ ነበር። «ሰንሰለቱ ይሠራል፤ ጥያቄው ውሻውን ይበልጥ ጎበዝ አዳኝ ያደርገዋል ወይ ነው» አሉ። ይህችን አባባላቸውን ወድጄ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኳት።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ሰው እንዲደነቅ ብቻ አይደለም። ለመሄድ ስንዘጋጅ አዲስ አበባ ላይ አንድ ደላላ አግኝቶን ነበር። «ጂኑ የተቀየረ ሴል የሚሰጡበት ቦታ አውቃለሁ፣ ጂ.ቪ.ኤች.ዲ. የሚባል ነገር የለም፣ 8 ሺህ ዶላር ብቻ ጨምሩ» አለን። ያኔ ስለማላውቅ ለሁለት ቀን አስቤበት ነበር፤ ልቤም ከጅሎ ነበር። አሁን የማውቀው ይኸ ነው፦ እነዚህ ሴሎች የሚሰጡት በጥናት ውስጥ ለተመዘገቡ ታማሚዎች ነው። እውነተኛ ጥናት ደግሞ የምዝገባ ቁጥር አለው፣ የስምምነት ሰነድ ያስፈርማል፣ ሊያጋጥም የሚችለውን ጉዳት ገጽ በገጽ ይዘረዝራል። ለሴሉ ዋጋ በደላላ በኩል የሚቀበል ካለ ሹልክ በሉ። አምስት ታማሚ ማለትም አምስት ታማሚ ነው። እኔ ተስፋ አደርግበታለሁ፣ ቤት ግን አልሸጥበትም።

እኛ ተራውን፣ ሰንሰለት የሌለውን ወሰድን። ሰንሰለቱ መጠኑ ነው፤ በጣም ትንሽ መጀመር፣ መጠበቅ፣ መጨመር። ለግማሽ ግጥም ከሆነ ይበልጥ ይጠነቀቃሉ። የመጀመሪያው በኪሎ 100 ሺህ ቲ ሴል ነበር፤ ሁለተኛው ከስድስት ሳምንት በኋላ አሥር እጥፍ። ደግነቱ ሰኔ ላይ ማሽን ላይ የተኛሁ ጊዜ ከተሰበሰበው ላይ ቀንሰው በትናንሽ ከረጢት አስቀርተው አቀዝቅዘውታል። ያኔ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። እናንተ ጠይቁ፤ ከመሰብሰቡ በፊት «ለኋላ የሚቀር ታስቀምጣላችሁ ወይ?» በሉ። ካልቀረ ለጋሹ እንደገና ቪዛ፣ እንደገና ቲኬት ነው።

ትልቅ ነገር ጠብቄ ነበር። ነርሷ ይዛ የመጣችው ከሻይ ብርጭቆ ሩብ የማይሞላ፣ ጠላ ጉሽ የሚመስል ፈሳሽ ነው። ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ አቅልጣ፣ በሲሪንጅ ስባ፣ ቀስ ብላ ከደም ሥሩ ጋር በተያያዘው ቱቦ ገፋችው። አምስት ደቂቃ አልሞላም። ወዲያው ክፍሉ የተቀቀለ በቆሎ ሸተተ። ሴሉ ሲቀዘቅዝ እንዳይሰነጠቅ የሚጨመርበት ነገር ነው፤ በትንፋሽ ይወጣል። ለሌላው ሰው ነጭ ሽንኩርት ይሸተዋል ይላሉ። ወንድሜ እስከ ማግስቱ አፉ ውስጥ ነበር። ዛሬም ደብረ ብርሃን መናኸሪያ በር ላይ እሸት የሚቀቅሉ ሴቶች ካሉ መንገድ ይቀይራል።

ከሁለተኛው በኋላ አፉ ውስጥ ነጫጭ መስመር ወጣ፣ ክንዱ ሽፍ አለ። ዝቅተኛ ስቴሮይድ ያዘው። የእኔ ድርሻ ተመልሶ 100 ገባ። መጋቢት 2012 መጀመሪያ ላይ፣ ህንድ በኮሮና ምክንያት በረራ ከመዝጋቷ 10 ቀን ቀደም ብለን፣ ቦሌ ወረድን።

አገር ከተገባ በኋላ ያለው ትምህርት ሌላ ነው፣ ማንም በወጉ አይነግራችሁም። ወንድሜን መሐል ሜዳ አልላክነውም፤ ዓመት ሙሉ ደብረ ብርሃን እኔ ጋ ነበር። ምክንያቱ አውድማ ነው። የገብስ ጭድ፣ የቆየ ድርቆሽ፣ የበረት ፍግ ሲነሣ የሚተነው ሻጋታ የመከላከል አቅሙ የወረደ ሰው ሳንባ ውስጥ ይበቅላል። ኩበት ጭስም እንደዚያው ሳንባውን ይጎዳል። ዘመድ ሲመጣ መሳሳም ቀርቶ ከበር ላይ እጅ መንሣት ሆነ፤ ኮሮናው መጥቶ ነገሩን ቀለል አደረገልን እንጂ እማዬ ከግማሹ መንዝ ጋር ትጣላ ነበር። ጠላ፣ ጥሬ ሥጋ፣ ያልፈላ ወተት ተከለከለ። ጠበሉ ላይ ግን ጭንቅ መጣ፤ እማዬ ከጻድቃኔ በሃይላንድ ያስመጣችውን አንድ ጎንጭ ይቅመስ ትላለች፣ እኔ አይሆንም እላለሁ። ንስሐ አባታችን ናቸው የፈቱት። «በሽተኛ ጾም የለበትም፤ ጠበሉም ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ከራስጌው ይቀመጥ» አሏት። ስምንት ወር ራስጌው ተቀመጠ።

መድኃኒት ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ቲ ሴሉን የሚያረጋጋው ታክሮሊመስ መጠኑ በደም ውስጥ ይለካል። ለሻጋታ የሚሰጡ እንደ ቮሪኮናዞል ያሉ መድኃኒቶች አብረው ሲወሰዱ ታክሮሊመሱን እጥፍ ድርብ ከፍ ያደርጉታል፤ ኩላሊት ይመታል። ሲቆሙ ደግሞ ይወርዳል፣ ውሻው ይነሣል። ስለዚህ አንዱን መድኃኒት ስላለቀ ብቻ ዝም ብላችሁ አታቁሙ፣ ከፋርማሲም ሌላ አትጨምሩ፤ ጽፋችሁ ላኩላቸው። ደም መውሰድ ካስፈለገ በጨረር የታከመ መሆን አለበት፤ ተራ ደም ውስጥ ያለ የሌላ ሰው ቲ ሴልም እንዲሁ ሊወጋው ይችላል። የልጅነት ክትባቶችም እንደገና ከዜሮ ይሰጣሉ፤ መቼና የትኛው የሚለውን ከመመለሳችሁ በፊት በጽሑፍ አስፍራችሁ ተቀበሉ።

የደም ዓይነቱም ተቀይሯል። ኦ ነበር፤ አሁን እንደኔ ኤ ነው። የድሮ መታወቂያው ላይ ያለውን የደም ዓይነት በእስክሪብቶ ሰርዘን ከጎኑ ጽፈናል። አንዴ ጤና ጣቢያ ላይ ነርሱ «ደም ዓይነት አይቀየርም» ብሎ ከተከራከረው በኋላ የሆስፒታሉን ደብዳቤ ኮፒ ቦርሳው ውስጥ ይዞ ይዞራል።

ዓይኑ እስካሁን ይደርቃል፣ ቅመም የበዛበት ወጥ አፉን ያቃጥለዋል። ከዚያ ውጪ በጎቹን ይጠብቃል፤ አጨዳ ላይ ይሳተፋል፣ ውቂያ ላይ ግን አይቀርብም። ደልሂ ያለው ፍሪዘር ውስጥ አንድ ከረጢት የእኔ ቲ ሴል ቀርቷል። በየዓመቱ «እናስወግደው ወይስ እናቆየው?» የሚል ኢሜይል ከማስቀመጫ ሒሳቡ ጋር ይደርሰኛል። ዘንድሮም ለእማዬ ሳነብላት «ሰንሰለት ሠሩለት?» አለችኝ። አልሠሩለትም አልኳት። «እንግዲያው ይቆይ፤ ግን እንዳትነኩት» አለች። ከፈልኩ።